ቀስቷ የማን ናት?

ጅማ፣ በቾ ቦሬ ውስጥ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ደንበኛ ነበርኩ። አንድ ቀን ጎራ ስል ጸሐፊዋ ልጅ የኮምፒዩተሩን ቀስት ቀይራ ቢራቢሮ አድርጋዋለች። ማውሱን ባንቀሳቀሰች ቁጥር ቢራቢሮዋ ስክሪኑ ላይ ክንፏን ታርገበግባለች። ሳቅሁ። የቤቱ ባለቤት ግን አልሳቀም። «ይሄ የሥራ ዕቃ ነው፤ እንደነበረ መልሺው!» አላት። መለሰችው። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኸው ዝምታዬ ነው።

በእርግጥ ሰውየው ጨርሶ አልተሳሳተም። ክሊክ ሲደረግ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የምስሉን ገላ ሳይሆን አንዲት ነጥብ ብቻ ነው። ቀስት ከሆነ ነጥቡ ጫፉ ነው፣ ማንም አይስተውም። የቢራቢሮ ጫፍ ግን የት ነው? «አስቀምጥ» ሊሉ «ሰርዝ»ን ቢነኩስ? የሚጠፋው እኮ ከገጠር መጥቶ ወረፋ የሚጠብቀው ገበሬ ማመልከቻ ነው።

«እንደነበረ» የምትለዋ ቃል ናት ያልተዋጠችልኝ። ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ በ1968 ማውሱን (የመጀመሪያው ናሙና አካሉ እንጨት ነበር፤ የበርጩማ ጠራቢዎቻችን ቢያዩት ባልናቁት) በአደባባይ ሲያሳይ፣ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያይ ነበር። ያዘመሙት በኋላ ዜሮክስ ፓርክ የነበሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ በዚያን ጊዜው ደብዛዛ ስክሪን ላይ ዘመም ሲል ይበልጥ ይለያልና። ስክሪኑ ጠራ፤ ቀስቱ ግን እንደዘመመ ቀረ። እንግዲህ «እንደነበረ» የምንለውም የሌላ ሰው ምርጫ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ቀስቱን መቀየሪያ ቦታ አዘጋጅቶ የለም እንዴ?

የሰው ባጃጅ የሚነዳውን ጎረምሳ ተመልከቱት። በገዛ ገንዘቡ ስቲከር ይለጥፋል፣ መጋረጃ ይሰቅላል፣ የሚወደውን ቡድን ዓርማ ያንጠለጥላል። ባለቤቱ ማታ ገቢውን ከተቀበለ ሌላው ጉዳዩ አይደለም። ልጅቱ ግን አሠሪዋ ከጀርባዋ ተቀምጧል። ደግሞም ሴት ናት። ንብረት ንብረት ከሆነ ሕጉ ለሁለቱም አንድ መሆን ነበረበት። ስለዚህ ሰውየውን ያስቆጣው የጫፉ ነገር ብቻ አይመስለኝም፤ ጫፉ ቢሆንማ «ቀስቱ ይቅር፣ ቀለሙን ቀይሪው» ቢላት ይበቃ ነበር። የሰው ማመልከቻ አይጠፋም፣ እሷም ከጠዋት እስከ ማታ የምታፈጥበት ነገር ላይ አንድ የራሷ ቀለም ይኖራት ነበር።

ይህን እኔ ልናገረው ይገባ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪ ፊት ቆሜ ስለ ቅርጽና ይዘት ያስተማርኩ ሰው፣ ቅርጽ አጠገቤ ሲሰረዝ ኮፒዬን ቆጥሬ ወጣሁ። (ሒሳቡን እንኳ ተከራክሬያለሁ።)

ከሳምንታት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤቱ አልነበረም። ስክሪኑ ላይ ያችው ነጭ ቀስት።

«ቢራቢሮዋስ?» አልኳት።

«ተዉት እሱን ጋሼ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል። «ስንት ኮፒ ላድርግልዎት?»