አዲስ ዕቃ ይሸታል

ደሴ ውስጥ አሥራ ሁለት ጎረቤታሞች ማኅበር አቋቋሙ። ዕቁባቸውን አጠራቀሙ፣ የጎደለውን ተበደሩ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስ አዲስ ሚኒባስም ገዙ። ከዚያ በፊት አንዳቸውም አዲስ መኪና ኖሯቸው አያውቅም፤ የሚያውቁት በሦስት በአራት ባለቤት እጅ ያለፈውን ነበር። መኪናው ሰፈር የገባ ዕለት ቡና ተፈላ፤ ሙስሊሙ ዱዓ አደረገ፣ ክርስቲያኑም ጸሎት አደረሰ። የወንበሮቹን ላስቲክ ማንም እንዳይቀድ ሊቀመንበሩ አጥብቀው አዘዙ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት መኪናው ሸተተ። ተሳፋሪ ሞልቶ ሐረጎን ሲወጣ፣ ሞተሩ ካለበት ከጋቢናው ወንበር ሥር የተቃጠለ ሰም የሚመስል ሽታ ይመጣል። ረዳቱ ገና ወጣት ነው፤ ደነገጠና ለሊቀመንበሩ ነገራቸው። እሳቸው ግን መኪናውን ሲረከቡ ጠይቀው ስለነበር መልሱ ነበራቸው። "አብሽር ልጄ፣ አዲስ ዕቃ ይሸታል" አሉት።

እውነታቸውን ነበር። አዲስ መኪና በመርከብና በመጋዘን በሚቆይበት ጊዜ እንዳይዝግ ብረቱ ሰምና ዘይት ነክ ቅባት ይቀባል። ሙቀት ያልነካው የሞተር ቀለምም በደንብ የሚደርቀው መኪናው ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው። አዲስ የፍሬን ሸራና አዲስ ፍሪሲዮን እስኪላመዱ ድረስ የየራሳቸውን ሽታ ያወጣሉ። ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ተቃጥሎ የሚያልቅ ነው። እንደተባለውም ሽታው በየቀኑ ቀነሰ፤ ሁለተኛው ሳምንት ሳይጋመስ ጠፋ። ልጁ አመነ፤ ማኅበርተኞቹም የሊቀመንበራቸውን ዕውቀት አደነቁ።

አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሞላ መኪናው ለመጀመሪያ ሰርቪስ ገባ። የሞተሩ ዘይትና የዘይት ፊልትሮው ተለወጡ፤ ገንዘብ ያዧም ወጪውን ከነቀኑ በደብተሯ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ቀናት ሽታው ተመለሰ።

መመለሱን ያወቀው ያው ረዳት ነው። ረዳት በየፌርማታው ይወርዳል፣ ተሳፋሪ ይጠራል፣ ተመልሶ ይገባል። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ደርሰው መኪናው ሲቆም፣ በጋቢናው በኩል ባለፈ ቁጥር ያገኘዋል። እንደ ፊተኛው የሰም ሽታ አይደለም፤ ይከብዳል፣ ዐይን ይቆጠቁጣል። "ጋሼ፣ ደግሞ እየሸተተ ነው" አለው ሾፌሩን። ሾፌሩ አነፈነፈና "ምንም የለም" ብሎ መለሰለት። ሾፌሩ አልዋሸም። አፍንጫ ለማያቋርጥ ሽታ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፤ እሱ ደግሞ ከንጋት ጀምሮ ከዚያ ወንበር ላይ አልተነሣም።

ልጁ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደ። "አብሽር፣ አዲስ ዕቃ ይሸታል ብዬህ የለም?" አሉት።

እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ነገሩ ተነሣ። አንደኛው በወጣትነቱ የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ነው፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ የሚቃጠለው ፍሬኑ ነው አለ። ገና አዲስ የነበረው መኪና የፍሬን ሸራ ተለወጠለት። ሽታው አልሄደም። ሌላው፣ ሾፌሩ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ይዞ ስለሚቆም ነው አለ፤ ሾፌሩ ተቆጣ፣ ሁለቱ ተኳረፉ። ሦስተኛው ክርክሩ ሰልችቶት የመኪና ሽቶ ገዝቶ መስተዋቱ ላይ ሰቀለ። ማኅበሩ ከሁሉም በላይ ያመሰገነው ይህን ሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከተሳፋሪ የሚሰማው ቅሬታ ቀንሷልና።

አንድ ቀን አንዲት እናት ጋቢና ተቀምጠው "ልጄ፣ ምንድነው የሚሸተኝ?" ብለው ረዳቱን ጠየቁት። "እኔም ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ፣ እማማ" አላቸው። እሳቸው ወረዱ፤ ሁለት ሰዎችም ተከትለዋቸው ወረዱ። በዚያው ሳምንት ልጁ የመኪናችንን ስም አጠፋ ተብሎ ተባረረ።

በምትኩ ሌላ ረዳት ተቀጠረ። ሥራ በጀመረበት ቀን ማታ ሒሳብ ሊያስረክብ ገንዘብ ያዧ ቤት ሄደ። ብሩን ቆጥሮ ሰጣትና "እትዬ፣ መኪናው ላይ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው፤ ሲቆም ሲቆም ይሸተኛል" አላት።

"ከአንተ በፊት የነበረውን ልጅ ታውቀዋለህ?" ስትል ጠየቀችው።

"አላውቀውም፤ እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ።"

ሴትዮዋ ሌሊቱን ሲያብሰለስላት አደረ። በማግስቱ ሊቀመንበሩን፣ ሾፌሩንና ልጁን አስከትላ መኪናውን ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰደችው። ደብተሯንም ይዛ ነበር።

አዛውንቱ ወዲያው የጋቢናውን ወንበር አላነሡም። መጀመሪያ ጠየቁ። "መቼ ጀመረ?"

"ከገዛነው ጀምሮ ነው፤ አዲስ ስለሆነ..." አሉ ሊቀመንበሩ።

ገንዘብ ያዧ ደብተሯን ገለጠች። "የለም። የፊተኛው ሽታ ጠፍቶ ነበር። ይህኛው የመጣው ከሰርቪሱ ወዲህ ነው፤ ቀኑ ይኸው።"

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሾፌሩ ዞሩ። "ሲወጣ ነው ወይስ ሲወርድ?"

"እኔ አይሸተኝም" አለ ሾፌሩ። የሐይቁ ልጅ መለሰ፦ "ሲወጣም ሲወርድም አይደለም፤ እንደቆመ ነው።"

"ምን ምን ይላል?"

ልጁ ዝም አለ፤ ሽታን በቃል መናገር ከባድ ነው። አዛውንቱ አንድ በአንድ እየዘረዘሩ ረዱት። "የተቃጠለ ወረቀት ይመስላል? እንደዚያ ከሆነ ፍሪሲዮን ነው፤ እሱ ዳገት ላይ ይብሳል፣ መኪናው ሲያርፍ ይጠፋል። አፍንጫ ይወጋል፣ ቁልቁለት ከወረዳችሁ በኋላ ይመጣል? ያ ፍሬን ነው፤ አራቱን ቸርኬ እጅህን ጠጋ አድርገህ ብትለካ አንዱ ከሌሎቹ በርትቶ ግሎ ታገኘዋለህ። የጎማ ሽታ ሆኖ ከሞተሩ ጩኸት ካለበት ቺንጋ ነው። የተቃጠለ ስኳር ዓይነት ጣፋጭ ከሆነ ከራዲያተሩ የሚፈስ ኩላንት ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ከሆነ ግን ሁለት ነገር ይሆናል፤ ከመንገድ ተነሥቶ ማርሚታው ላይ የተጣበቀ ፌስታል ከሆነ ቀላል ነው፤ ሽቦ ከሆነ ግን እዚህ ድረስም መንዳት አልነበረባችሁም፤ ሞተሩን አጥፍቶ ሰው ማውረድና ባትሪውን መንቀል ነው።"

"ከእነዚህ አንዱም አይደለም" አለ ልጁ። "ከባድ ነው፤ ዐይኔን ይቆጠቁጠኛል። አንድ ቀን ደግሞ ስስ ጭስ አይቻለሁ፤ ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል።"

አዛውንቱ ያን ጊዜ መኪናውን ሜዳ ላይ አስቆሙ፤ ጥቂት ጠብቀው የዘይት መለኪያውን መዘዙት፣ ጠረጉት፣ መልሰው ከትተው ዳግም መዘዙት። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበር። የእጅ ባትሪና ትንሽ መስተዋት ይዘው ከሥር ገቡ። ከፊልትሮው አፍ የተነሣ አንድ እርጥብ መስመር የጋለውን የጭስ ቧንቧ ነክቶ ጠቁሯል። ያ ብረት ጭነት ባለበት ዳገት ላይ ከአራት መቶ ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ የሞተር ዘይት ደግሞ ከሁለት መቶ ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ትነቱ እሳት ካገኘ የሚቀጣጠል ነው። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ጭሱን ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ሲቆም ግን ሙቀቱ ሽታውን ይዞ ወደ ጋቢናው ይወጣል። ወርዶ ለሚወጣው ልጅ በየፌርማታው የሚገለጠውም ለዚህ ነበር።

ፊልትሮውን ሲፈቱት ነገሩ ታየ። ሰርቪስ ያደረገው ሰው የድሮውን ፊልትሮ ሲነቅል ጎሚኒው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። እሱም ሳያየው አዲሱን ፊልትሮ ከነራሱ ጎሚኒ ከላዩ አሰረው። ሁለት ጎሚኒ ተደራርቦ ለጥቂት ቀን ሊይዝ ይችላል፤ ከዚያ የዘይቱ ግፊት እየገፋው ማልቀስ ይጀምራል። ባልታሰበ ሰዓት ደግሞ ከቦታው ይሾልክና ሞተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ዘይቱን ሊያፈሰው ይችላል። አዛውንቱ አሮጌውን ጎሚኒ በጥፍራቸው ልጠው በገንዘብ ያዧ መዳፍ ላይ አስቀመጡት። የጎሚኒው ዋጋ ከተለወጠው የፍሬን ሸራ ጋር ቀርቶ ከተሰቀለው ሽቶ ጋርም አይተካከልም።

ሊቀመንበሩ ቅስማቸው ተሰበረ። "አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር" አሉ።

"መጀመሪያ ልክ ነበሩ" አሏቸው አዛውንቱ። "ሁለተኛው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ እርስዎ ግን ለፊተኛው የሰጡትን መልስ ደገሙለት።"

ማኅበሩ ሽማግሌ ልኮ የተባረረውን ልጅ ይቅርታ ጠየቀ። ልጁ ይቅርታውን ተቀበለ፤ ያልተከፈለውን የወር ደሞዙንም ወሰደ። ነገር ግን ወደ ወልድያ በሚሄድ መኪና ተቀጥሮ ስለነበር አልተመለሰም።

ምሳሌው ይህ ነው። እኔ በሊቀመንበሩ ላይ ብዙ አልፈርድም፤ ክፉም ሰነፍም ሰው አይደሉም፣ ከመካከላቸው አስቀድሞ የጠየቀውም እሳቸው ነበሩ። ያሳታቸው አንድ ጊዜ እውነት ሆኖ የተገኘው መልሳቸው ነው። አዲስ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ አዲስ ክሊኒክ ሥራ ሲጀምር፣ አዲስ አክሲዮን ማኅበር ሲቋቋም በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ነገር ይንገዳገዳል። መዝገብ ይዘበራረቃል፣ ሠራተኛው ሥራውን ገና ይለማመዳል። "ገና አዲስ ነን" የሚለው መልስ ያን ጊዜ ሐቅ ስለሆነ ሰው ይታገሣል፤ መታገሡም ተገቢ ነው። የአዲስነት ችግር ግን በየሳምንቱ ሲቀንስ መታየት አለበት። ጠፍቶ የተመለሰ፣ ወይም ጠባዩን የለወጠ ቅሬታ ከአዲስነት የመጣ አይደለም። እሱ የሚፈልገው ትዕግሥት ሳይሆን አንድ ጥያቄ ነው፦ በፊተኛውና በዚህኛው መካከል የነካነው ነገር ምንድነው?

ከሁሉ ይልቅ የሚከነክነኝ የተባረረው ልጅ ነገር ነው። በውስጥ የተቀመጡት አልዋሹም፤ ለምደውት ነበር። ስለዚህ "እኛ ምንም አልሸተተንም" ማለታቸው ምስክርነት ሊሆን አይችልም። ምስክር የሚሆነው ከውጭ የገባው ነው፤ ያውም ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ እሱም ሰንብቶ ይለምዳልና። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት "ይህ ለምን እንዲህ ይሆናል?" ብሎ ሲጠይቅ "ቆይ፣ ትለምደዋለህ" ይባላል። በሦስተኛው ወር እውነትም ይለምደዋል፤ ከዚያ በኋላ ሲጠየቅ የሚናገረው ነገር የለውም። ማኅበሩ ሽቶ ለሰቀለው ምስጋና፣ ለተናገረው ስንብት ሲሰጥ የከሰረው ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ የሚናገርለትን ሰው አጥቷል።

አዲስ መኪና የገዛችሁ፣ ሽታ ሲሰማችሁ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ጻፉ፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በኋላም ካልቀነሰ ዋስትናው ሳያልፍ፣ ጭስ ካያችሁ ደግሞ ወዲያው አስፈትሹት። ከእያንዳንዱ ሰርቪስ ማግሥትም ዘይታችሁን ለኩ። ማኅበር፣ ዕድር፣ ትምህርት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት የምትመሩ ደግሞ፣ በዚህ ወር የገባውን ሰው ሳይለምድ ጥሩትና ምን እንደሸተተው ጠይቁት፤ የሚለውንም ከነቀኑ በመዝገብ አስጽፉት።