ስለ ጢስና ስለ መውጫው

የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተገኘ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንታችን ያስተምራሉ፤ ጢስ ከአራቱ ወደ የትኛው እንደሚቆጠር ግን ሲከራከሩ አልሰማሁም። እሳት እንዳንለው ብርሃን የለውም፤ ነፋስ እንዳንለው ይታያል፤ መሬት እንዳንለው ወደ ላይ ይወጣል። በእኔ አስተያየት ጢስ ነድዶ ሳያልቅ ከእሳት ያመለጠ እንጨት ነው። እንዲህ ከሆነም የባሕርዩን ነገር ለሊቃውንት ትተን፣ ይህ ሳይፈጸም የቀረ ነገር ወዴት ይሂድ፣ እስኪሄድስ ድረስ ማን ይሸከመው ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ካህኑ ጽንሐሑን ይዞ ሲያጥን ጸሎታችን ከዕጣኑ ጋር እንደሚያርግ እናምናለን፤ እመቤታችንንም ማዕጠንተ ወርቅ እያልን እናመሰግናታለን። በጅማም፣ ቤቱ የክርስቲያንም ይሁን የእስላም፣ ቡና በተቆላ ጊዜ ብረት ምጣዱ በተቀማጩ ሁሉ ፊት ይዞራል፣ እንግዳውም ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ እየሳበ ያሸታል። ይህን የመሰለ ክብር ለጢስ ስለ ሰጠን ይመስለኛል፣ በማድ ቤት ያለውን ጢስ ከክፋት ሳንቆጥረው የኖርነው፤ እንጀራ የምትጋግረው ሴት አክንባሎውን አንሥታ፣ ፊቷን ወደ ጎን መልሳ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ብናይ ለምዳዋለች ብለን እናልፋለን። (የዕጣኑም ጢስ ቢሆን ለሳንባ ያው ጢስ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ማነሱና የቤተ መቅደሱ ጣራ ከፍ ማለቱ ነው።) የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት የሞተውን ሰው 3.2 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ገምቶታል፤ መልመድ ሳንባን እንደማያድን ከዚህ በላይ ምን ምስክር ያሻል?

በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮ፣ በየቡ እና በሊሙ ገነት መንደሮች፣ የቀድሞው ቤት ክዳኑ ሣር ስለ ነበረ፣ ጢሱ በሣሩ መካከል ቀስ እያለ ይሾልክ፣ እግረ መንገዱንም ክዳኑን እያደረቀ ከነቀዝ ይጠብቅ ነበር። ቆርቆሮ በመጣ ጊዜ ዝናቡን ከለከለልን፤ ያ የማይታየው መውጫ ግን አብሮ ተዘጋ። ያረጀ የቡና ግንድ ተጎንድሎ፣ በክረምት ሳይደርቅ ከምጣድ ሥር ሲገባ፣ ጢሱ ቆርቆሮውን መትቶ ተመልሶ ወደ ታች ይወርዳል።

ዛሬ በጅማ ከተማ ምግብ ቤቶች ከምድጃው በላይ የጢስ መሳቢያ መስቀል እየተለመደ ነው፤ ነገር ግን ብዙው ሰው መሣሪያውን ገዝቶ መንገዱን ይረሳል። መሳቢያው ከምድጃው ጠቦ ከተሠራ ጢሱ በጎንና በጎኑ ያመልጠዋል፤ ምድጃው የጋዝ ሲሆን ከ65 እስከ 75 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢሰቀል ይበጃል። ቱቦው ከለስላሳ ላሜራ የተሠራና በተቻለ መጠን ቀጥ ያለ ይሁን፤ በታጠፈ ቍጥር የነፋሱ ኀይል ይደክማልና። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፣ አየሯ ከባሕር ዳር አየር አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ለሌላ አገር የተለካውን መሣሪያ ሲተክሉ ይህንም ማሰብ ያስፈልጋል። ቱቦውን ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣራው በታች አድርሶ መተው ግን የስንፍናዎች ሁሉ ታላቅ ነው፤ ቅባቱ እዚያ እየተጠራቀመ አንድ ቀን ለእሳት ቀለብ ይሆናል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ሥርዓት ግን ይህ ነው፤ አየር ካልገባ አየር አይወጣም። በርና መስኮት ተዘግቶ የመሳቢያው ማራገቢያ ቢከፈት ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ ከዚያም አልፎ በሚቀጥለው ክፍል ለጀበናው ከተያያዘው ከሰል የሚነሣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያን ሽታም መልክም የሌለውን ገዳይ፣ ወደ ማድ ቤቱ ይስበዋል። ስለዚህ ጣራው ከመቀደዱ በፊት ከበሩ ሥር ወይም ከግድግዳው ግርጌ ለንጹሕ አየር መግቢያ ይበጅ።

የወጣውስ ወዴት ይደርሳል? የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1225 ባለ ሀብቱ ከመልካም ጉርብትና በሚያልፍ ጢስና ጥላሸት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክለዋል፤ የእስልምና የፍትሕ ሊቃውንትም ከብዙ ዘመን በፊት፣ ጉዳትን የሚከለክለውን ሐዲስ መሠረት አድርገው፣ ስለ ዳቦ ምድጃና ስለ መታጠቢያ ቤት ጢስ ተከራክረዋል። ከጅማ ወደ ጅሬን ኮረብታ በሚወጣው ተዳፋት ላይ የታችኛው ቤት ቱቦ ከላይኛው ቤት መስኮት ትክክል ሊውል ይችላልና ነገሩ የመጻሕፍት ብቻ አይደለም። ጢስን ማስወጣት መከራን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ነው የሚል ተከራካሪ ቢመጣ፣ በግማሹ እስማማለሁ፤ ሁለት ሜትር ላሜራ ተጨምሮበት ከጣራ በላይ የወጣ ጢስ ግን በሰፊው አየር ይሳሳል፣ በጠባብ ክፍል የቆመው አይሳሳም።

ሕጉ ስለ ጎረቤት ተናግሮ ምድጃው አጠገብ ስለምትቆመው ሴት ዝም ማለቱ፣ ምናልባት እርስዋን የባለቤቱ ኅሊና ይጠብቃታል በሚል ተስፋ ይሆናል። እኔ ግን ኅሊናን ብቻ አላምንምና፣ አናጢው የሳሎኑን ስፋት ከመለካቱ አስቀድሞ የማድ ቤቱን የጢስ መውጫ እንዲለካ ባለቤቱ ቢያዝዘው ይሻላል ባይ ነኝ።