ለማን አቤት ይባላል

በልጅነቴ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርሁትን ባሕረ ሐሳብ ዘመን የማይሽረው ሀብት አድርጌ ስቈጥረው ኖሬአለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ማታ በሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ባለችው ቤቴ ተቀምጠን ሳለን፣ የበኵር ልጄ በእጅ ስልኩ ያለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የ2018 ዓ.ም. ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ቢጠይቀው፣ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቈይ «ሚያዝያ 4» ብሎ መለሰለት።

ብዕርና ወረቀት አነሣሁ። 5500ን ከ2018 ጋር ብደምር 7518 ሆነ፤ በ19 ብገድፈው 13 ተረፈ፤ አንዱን ለዘመን ትቼ ወንበሩን 12 አልሁ። ወንበሩን በ11 አባዝቼ በ30 ብገድፍ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝቼ በ30 ብገድፍ መጥቅዑ 18 ወጣ። መስከረም 18 እሑድ ነውና የእሑድን ተውሳክ 7 ብጨምርበት ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ቈጥሬ ሚያዝያ 4 ደረስሁ። መሣሪያው አልተሳሳተም። እንዲሳሳት በልቤ ተመኝቼ እንደ ነበረ ግን የታወቀኝ ያን ጊዜ ነው፤ ምኞቴም አሳዘነኝ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ኅሊናዬ ዕረፍት አጣ። ማስላትና መመዘን፣ ከብዙ መንገድ አንዱን መምረጥ የመሪ ሥራ ከሆነ፣ ይህም ሁሉ ለመሣሪያ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለሚመራው ሰው ምን ይቀርለታል? የሚሠራውስ ሰው በድካሙ ውስጥ የሚያገኘው ትርጉም ከወዴት ይመጣለታል?

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት ከጎረቤቶቼ ከሲዳማ አባቶች ዘንድ መሰለኝ። አያንቶ የሚባሉት ሊቃውንት የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ በሌሊት መርምረው የዘመን መለወጫቸውን የፊቼ ጨምበላላን ቀን ይለያሉ፤ ቀኑም ለየጎሳው ይታወጃል። ይህን ስሌት መሣሪያ ሊሠራው ይችላል፤ ነገር ግን አያንቶው ቀኑን ካስነገረ በኋላ በዚያው ሕዝብ መካከል ይኖራል፣ ቢሳሳትም ሊጠየቅ የሚችል ሰው ነው። እንግዲያስ ለመሪ የሚቀርለት ሥራ ስለ ቈጠረው ነገር ተጠያቂ መሆን ነው አልሁ።

ነገር ግን ይህ መልስ ብዙም ሳይቈይ ተናወጠብኝ። 2008 ዓ.ም. ለሀዋሳ ሁለት ነገር ያመጣ ዘመን ነበረ፤ በኅዳር ፊቼ ጨምበላላ በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ፣ በሐምሌ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀና ከገጠር የመጡ ብዙ ልጃገረዶች ከስፌት መኪና ፊት ተቀመጡ። በሰሜን ጦርነት በነበረበት ጊዜ፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ፣ የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ሲያግዳት ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሥራቸውን አጡ። ያን የወሰኑት ሰዎች ነበሩ። ከልጆቹ መካከል ለአንዲቱ ሰፊ ተጠያቂ የሆነላት ማን ነው?

ስለዚህ ወደ ቋንቋችን ተመለስሁ። የተበደለ ሰው «አቤት!» ይላል፤ የተጠራም ሰው «አቤት» ይላል። አንዱ ቃል ጩኸትም መልስም መሆኑን ስንት ዘመን ስናገረው ኖሬ አላስተዋልሁትም ነበር። በንጉሡ ዘመን ደኻው አገር አቋርጦ እስከ ዙፋን ችሎት የሚደርሰው፣ ፍርዱ ሁልጊዜ ስለሚቀናለት ሳይሆን፣ ለአቤቱታው አቤት የሚል ሰው አለ ብሎ ስለሚያምን ይመስለኛል።

ደግሞ ሌላ ጥርጥር ተነሣብኝ። እኔ ራሴ ለአንዲት ወረቀት ሦስት ወር ሙሉ «ነገ ና» እየተባልሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ደጅ ጠንቻለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ባለጕዳይ እጅ መንሻ የማይጠብቅና ፋይል የማይጠፋበት መሣሪያ ከብዙ ሹም ይሻለው የለምን? ይሻለዋል፤ ይህን መካድ አልችልም። ሆኖም ያን ጸሐፊ ዓይኑን አይቼ «አታፍርም?» ብዬው ነበር፤ አንገቱንም ሲደፋ አይቻለሁ፤ ወረቀቴም በማግሥቱ ወጣ።

ይህን ሁሉ ሳወጣና ሳወርድ፣ በአንድ ፋብሪካ የምትሰፋ የጎረቤት ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣችና ነገሩን ነገርኋት። ጥቂት አስባ፣ «ጋሼ፣» አለች፣ «ልጄ የታመመ ጊዜ ኃላፊዬ ፊቴን አይታ የዚያን ቀን ኮታዬን ቀነሰችልኝ፤ በማግሥቱም አለቃዋ ለምን ብሎ ሲቈጣት እኔ ነኝ ያልሁት አለችው። ማሽኑም ፊቴን ያይ ይሆናል፤ አሁን ካሜራ አለው። እኔ ነኝ ያልሁት ይላል ወይ?»

«እስካሁን ሲል አልሰማሁም፣ ልጄ» አልኋት።

ሲኒዋን አስቀምጣ ነጠላዋን አጣፋችና ለማታው ፈረቃ ወጣች።