ዘንቢላችንን ከመሙላታችን በፊት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ለብዙዎቻችን ከዲን ጋር የሚገናኝ አይመስለንም። ጉዳዩ ገበያ መውጣት ነው። ስለ ነጋዴው ብዙ ተብሏል፤ ብዙ ኹጥባም አድምጠናል። ሚዛን የሚያጎድል ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከሱረቱል ሙጠፍፊፊን ተምረናል። ገዢውስ? ዘንቢሉን አንጠልጥሎ የሚወጣው ሰው አይጠየቅምን? ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው በቂያማ ቀን ስለ ገንዘቡ ሁለት ጥያቄ እንደሚቀርብለት ነግረውናል፤ ከየት እንዳገኘውና በምን ላይ እንዳዋለው። ለመጀመሪያው ጥያቄ ስንዘጋጅ ሁለተኛውን ረስተነዋል ብዬ እፈራለሁ።

ነገሬን ከራሴ ልጀምር። መቱ ከተማ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ትንሽ ሱቅ ነበረኝ። በኢሉባቦር ኑሮ ቡናን ተከትሎ እንደሚሄድ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከጥቅምት ጀምሮ እሸቱ ይለቀማል፣ ጀንፈሉ ይደርቃል፣ እስከ ጥር ድረስ ብር ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራል። በዚያ ሰሞን ሱቄ ከሰው አይጸዳም ነበር። ብርድ ልብሱ፣ ሬዲዮው፣ ጫማው ይሸጣል፤ እኔም ዕቃዬን አወድሼ እሸጣለሁ። ዝናቡ ሲጠነክር ግን እነዚያው ደንበኞቼ ጨውና ሳሙና በዱቤ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ።

የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ዝናብ እየመታቸው መጡ። «ልጄ፣ በቆሎው ገና አልደረሰም፤ ቤት ውስጥ የሚቀመስ የለም። ጓሮዬ ያለውን ቡና በዛፉ ላይ እንዳለ ግዛኝ» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኳቸው። ዋጋውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ቡናው ደርሶ ቢሸጥ ከሚያወጣው ከግማሽ አይበልጥም ነበር። አዛውንቱ ገንዘቡን ተቀብለው፣ መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃታቸው ያን ዕለት ደስ አሰኝቶኛል፤ ዛሬ ሳስታውሰው ግን ያመኛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከዒሻ ሶላት ስንወጣ ነገሩን ለአንድ ሸኽ አወራሁላቸው። ሸኹ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍሬ መብሰሉ ሳይታይ እንዳይሸጥ መከልከላቸውን፣ ሐዲሱም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ መሆኑን፣ ክልከላውም ሻጩንም ገዢውንም እንደሚይዝ አስረዱኝ። አላህ ያን ፍሬ ቢያስቀረው አንዱ የወንድሙን ገንዘብ በምን ምክንያት ይወስዳል? ወንድምህን መርዳት ከፈለግህ ያለ ሪባ አበድረው አሉኝ። ወይም ሰለም የሚባለው ውል አለ፤ የቡናው ዓይነት፣ ስንት ፈረሱላ እንደሆነና የሚያስረክብበት ቀን ተለይቶ፣ ዋጋው ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ ይከፈላል፤ ይሁንና «የዚህ ጓሮ፣ የዚህ ዛፍ ቡና» ተብሎ አይታሰርም።

ሸኹ በዚህ አላበቁም። «ለመሆኑ እኚህ ሰው ጥር ላይ ካንተ ምን ገዝተው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩ። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበር። በቤታቸው መብራት ስላልነበረ በድንጋይ የሚሠራ፣ ድንጋዩም በየሳምንቱ የሚያልቅ ቴፕ ነው ያሸከምኳቸው። የማያስፈልጋቸውን ሲገዙ ዝም አልኩ፤ የሚያስፈልጋቸውን ሲሸጡ ደግሞ ገዛሁ። ቡናው ሲደርስ ውሉን አፍርሼ የሰጠሁትን ገንዘብ ብቻ ተቀበልኩ። ያቺ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም።

ወንድሞቼና እህቶቼ! የሐምሌው ረሃብ የሚጀምረው ሐምሌ ላይ አይደለም። የሚጀምረው ጥር ላይ፣ ኪሳችን ሞልቶ ገበያ በወጣንበት ቀን ነው። ይህ ደግሞ የገበሬው ብቻ አይምሰላችሁ። እኛ ደመወዝተኞች በወር መጀመሪያና በወር መጨረሻ የምናየው ነገር ያው ነው።

ረመዳንን ተመልከቱ። ወሩ በየዓመቱ አሥር ወይም አሥራ አንድ ቀን ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ ከ2003 እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ በክረምት ነበር የጾምነው። በአገራችን ገንዘብ የሚጠፋበት ወቅት በመሆኑ ብዙ ቤት በቴምርና በሾርባ ያፈጥር ነበር። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ረመዳን የሚመጣው ቡናው ተሸጦ ገንዘብ በእጅ ባለበት ሰሞን ነው። እና ምን አየን? ለጾም ወር ከሌላው ወር ይበልጥ ሸመትን። ከቀትር በኋላ በባዶ ሆዳችን ገበያ እንወጣለን፤ ዓይናችን ያየውን ሁሉ እንጭናለን፤ ማታ ሳምቡሳው ግማሹ ይተርፋል፤ በማግስቱ ይደፋል። ከጎረቤት የምትኖረው ባሏ የሞተባት እናት ግን በውኃ ታፈጥራለች። ይህ ጾም ነው ወይስ የምሳውን ሰዓት ማዘዋወር?

ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ የዘገቡት አንድ ታሪክ አለ። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህን ሥጋ ይዞ አገኙትና ምን እንደሆነ ጠየቁት። ሥጋ አምሮን በአንድ ዲርሃም ገዛሁ አላቸው። ዑመርም ከመካከላችሁ ሰው ጎረቤቱንና ዘመዱን ትቶ የራሱን ሆድ ብቻ መሙላት ይፈልጋልን? ብለው ገሠጹት። ልብ በሉ፤ ሥጋው ሐላል ነው፣ ገንዘቡም የጃቢር ነው፣ ዋጋውም አንድ ዲርሃም ብቻ ነው። ዑመር የጠየቁት ስለ ዋጋው ሳይሆን ጃቢር ሲገዛ ማንን እንዳሰበ ነው።

«ታዲያ መልካም መብላትና መልበስ ሐራም ነውን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። አላህ በሱረቱል አዕራፍ እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ማባከንን ብቻ ከለከለ። በሱረቱል ፉርቃንም የአር-ረሕማን ባሮች የማያባክኑ፣ የማይቆጥቡም፣ በመካከል የሚጓዙ መሆናቸውን ገለጸ። ስስት መካከለኛነት አይደለም። የልጁን ደብተር ሳይገዛ ገንዘቡን የሚቆልል ሰው ከአባካኙ አይሻልም።

አያቶቻችን ይህንን ሚዛን ኑሮ አስተምሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመውን ስምምነት ተከትሎ በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። የጎሬ ቡና ወደዚያ እየወረደ በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን ይጫናል፤ ጨውና ጨርቅ በዚያው ይመጣል። መርከቧ ግን የምትደርሰው ክረምት ባሮን ሲሞላው ብቻ ነበር። የገዙት ዕቃ ዓመት መክረም ስላለበት ጨው በሥርዓት ይያዛል፤ ያረጀ አቡጀዲም ለሌላ ነገር ይውላል። ዛሬ መኪናው በየቀኑ ዕቃ ስለሚያራግፍልን የዕቃን ክብር ረሳን።

የምናመጣው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የምንጥለውም ይጠየቅብናል። ለሁለት ሎሚ ፌስታል፣ ለአንድ ሳሙና ፌስታል! ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ተጠርጎ ወደ ሶር ወንዝ ይወርዳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዕድን በሚፈስ ወንዝ ዳር ሆኖ ውዱእ ሲያደርግ እንኳ ውኃ እንዳያባክን እንደመከሩት ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል፤ ዑለማእ በሰነዱ ላይ ቢነጋገሩም ትርጉሙ ከቁርኣን ጋር ይስማማል። ውኃውን ማባከን ከተነቀፈ ወንዙን ማቆሸሽ ምን ሊባል ነው? ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ያለው የያዩ የቡና ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ዓለም የሚጠብቅልንን እኛ ልንጥልበት አይገባም። መንግሥትም በ1999 ዓ.ም. ስስ ፌስታልን የሚከለክል፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፕላስቲክ ከረጢትን የሚያግድ አዋጅ አውጥቷል። ሙእሚን ግን ቅጣት እስኪመጣበት አይጠብቅም። እናቶቻችን የሰፉት ዘንቢል በየቤታችን ተሰቅሎ የለምን?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከቤት ስንወጣ ኒያችንን እናስተካክል፤ የጎደለውን ጽፈን እንያዝ። ጠግበን እንጂ ተርበን አንሸምት። ለዒድ ልብስ ከመግዛታችን በፊት ያለው መታጠብ ብቻ እንደሚበቃው እንይ፤ የተረፈውን ገንዘብ ለየቲም እናድርሰው። ጭንቅ የያዘው ገበሬ ማሩን ወይም ቡናውን ይዞ ሲመጣ ጭንቀቱን አይተን ዋጋ አንቁረጥበት። ሱቅ ያለን ደግሞ ለደንበኛችን «ይህ አያስፈልግዎትም» ማለትን እንልመድ። ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ በዚህ ቃል የከሰረ ነጋዴ አላየሁም። እኔ ራሴ ያንን ቃል ለእኚያ አዛውንት በጊዜው ብናገር ኖሮ በሐምሌ ዝናብ ደጄ ባልቆሙ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) ካገኘነው በረካን፣ ካወጣነው አጅርን ይስጠን። ገንዘባችንን በምን ላይ እንዳዋልነው በሚጠይቀን ቀን መልስ ካላቸው ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።