ምላጩ ለምን ይዶለዱማል

መሣሪያ መልካም የሚባለው በራሱ ነው ወይስ በሚሠራው ሥራ? ጥያቄው ጥንታዊ ነው፤ ፈላስፎችም ሲያነሱት ለምሳሌነት ደጋግመው የሚጠሩት መጋዝን ነው። አርስቶትል «ፊዚክስ» በተባለው ሥራው፣ በሁለተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ መጋዝ እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ለመቁረጥ ነው። ይቁረጥ ከተባለ ግን ጥርስ ያስፈልገዋል፤ ጥርሱም ከብረት ካልሆነ እንጨቱን አይደፍርም። ብረቱን ግድ ያደረገው ዓላማው ነው፤ ብረት ስለተገኘ ብቻ መጋዝ አይገኝም።

በ13ኛው መቶ ዘመን ቶማስ አኳይነስ ይህን ምሳሌ ወስዶ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ በተለያየ ቦታ አስፋፋው። አንድ ቦታ ላይ፣ ባለሙያ መጋዝ ሲሠራ መስታወት ትቶ ብረት ይመርጣል ይላል፤ መስታወት ያምራል፣ ያ ውበት ግን ለመቁረጥ እንቅፋት ነው። ሌላው ቦታ ጠለቅ ይላል። ባለሙያው ብረትን የሚመርጠው ጠንካራ ነገር ስለሚቆርጥለት ነው፤ ጥርሱ መዶልዶሙና መዛጉ ግን ማንም ሳይፈልገው ከቁሱ ጠባይ የሚከተል ግዴታ ነው። ቶማስ ይህን የጻፈው ለመጋዝ አዝኖ አልነበረም። የማትጠፋው ነፍስ ለምን ከሚፈርስ ሥጋ ጋር ተዋሐደች ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ነው። ለመጋዝ ምላጭ ሻጭ ግን ከዚህ የተሻለ ማስተባበያ አይገኝም።

ይህ አስተሳሰብ በሥራ ላይ የሚፈተነው በተንቀሳቃሽ የእንጨት መሰንጠቂያ ነው። ማሽኑ ወደ ግንዱ ይሄዳል እንጂ ግንዱ ወደ ማሽኑ አይጎተትም። በሁለት ፑሌጅያዎች ላይ የተወጠረ፣ ጫፍና ጫፉ የተበየደ ጥርሳም የብረት ጥብጣብ፣ ማለትም ምላጩ፣ በሞተር እየተሽከረከረ በተኛው ግንድ ላይ ይገፋል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ጣውላ ይወርዳል። ባንድ ሶው የሚባለው የዚህ ጥብጣብ መጋዝ ሐሳብ ፓተንት የተመዘገበው በ1808 ለንደን ውስጥ፣ በዊልያም ኒውበሪ ስም ነው። መተጣጠፉን ችሎ የማይበጠስ ብረትና አስተማማኝ ብየዳ እስኪገኝ ግን አሥርተ ዓመታት አለፉ። ዓላማው በኒውበሪ ጭንቅላት ውስጥ ተሟልቶ ነበር፣ ቁሱ ዘገየ።

በሱዳን ያለችው ሶባ ለዚህ አስተሳሰብ ጥሩ መፈተኛ ናት። ከካርቱም መሃል ጥቁር አባይን ሽቅብ ተከትሎ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በመካከለኛው ዘመን የክርስቲያናዊው የአልዋ መንግሥት መናገሻ ነበረች፤ በ10ኛው መቶ ዘመን ስለ እርሷ የጻፈው ኢብን ሱለይም አል-አስዋኒ ያማሩ ሕንፃዎች፣ ወርቅ የበዛባቸው አብያተ ክርስቲያናትና የአትክልት ቦታዎች እንደነበሯት ይናገራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ካርቱም ስትቆረቆር የሶባ ቀይ ጡብ እየተነቀለ ለአዲሱ ከተማ ግንባታ ዋለ። እስከ 2023ቱ ጦርነት ድረስ አካባቢው በፋብሪካዎቹና በደን ምርምር ማዕከሉ ይታወቅ ነበር።

የአካባቢው ዋና እንጨት ሱዳኖች ሱንት የሚሉት ግራር ነው። በጥቁር አባይ ዳር፣ በሲንጃና በሮሴሪስ በኩል፣ ክረምት ውሃ በሚተኛባቸው ረባዳ ቦታዎች ይበቅላል። የሱዳን ባቡር ሐዲድ ለረጅም ጊዜ የተነጠፈው በሱንት አግዳሚ ላይ ነበር፤ የአባይ ጀልባ ሠሪዎችም ይመርጡታል። በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ የተሠራበት እንጨትም የግራር ወገን ነው። ሱንት ከባድና ጠንካራ ነው፣ ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ በላይ ግን ምላጭን የሚጎዳው ቅርፊቱ ላይ ያለው ነገር ነው። ጎርፉ በመጣ ቁጥር ደለል ይለጥፍበታል፤ ሀቡብ የሚሉት አውሎ ነፋስ ሲነሳ አሸዋው በየስንጥቁ ይሞላል። ቅርፊቱ ሳይላጥ ወይም ሳይታጠብ የቀረበ ግንድ አዲሱን ምላጭ በደቂቃዎች ውስጥ ዱልዱም ሊያደርገው ይችላል። ደለሉ በአመዛኙ ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የወረደ አፈር ስለሆነ፣ ሶባ ላይ የሚደነዝዘው ምላጭ ከጎጃም አፈር ጋር ሲታገል ይውላል ማለት ይቻላል።

ምላጭ ገዢው የሚመርጣቸው ነገሮች ሁሉ እንግዲህ ከዚህ ግንድ ይነሳሉ። የመጀመሪያው የጥርሱ ዝንባሌ ነው፤ ይኸውም የጥርሱ ግንባር ወደፊት የሚያዘነብልበት ማዕዘን ነው። 10 ዲግሪ ለብዙ ዓይነት እንጨት የሚስማማ መካከለኛ ምርጫ ነው። እርጥብና ለስላሳ እንጨት 12 ወይም 13 ዲግሪ ይችላል፤ ጥርሱ በኃይል ይነክሳል፣ ሥራውም ይፈጥናል። ያንኑ ጥርስ በደረቅና ጉጥ በበዛበት ሱንት ላይ ያነሳ ሰው ምላጩ ጉጡ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሲሸሽ ያያል። ለእንዲህ ያለው እንጨት ወደ 7 ወይም 4 ዲግሪ መውረድ ይሻላል፤ ጥርሱ ቀስ ብሎ ይፍቃል እንጂ አይቦጭቅም። በአንዱ እንጨት ላይ ስንፍና የሚመስለው በሌላው ላይ ጨዋነት ይሆናል። ካታሎግ ላይ «ምርጥ ምላጭ» የሚል ጽሑፍ ትርጉም የሚያጣው በዚህ ነው፤ ለምን ሥራ የሚለው ካልተከተለው ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም።

የጥርስ ርቀትም እንዲሁ ነው። በተንቀሳቃሽ ማሽን ላይ የተለመደው 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለጠንካራ እንጨትና ጉልበቱ አነስተኛ ለሆነ ሞተር 19 ሚሊ ሜትርም ይሠራል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ጎድጓዳ የተቆረጠውን ፍርፋሪ ተሸክሞ ከግንዱ ያወጣል፤ ከሞላ ሰጋቱራው ወደ ጎን ይፈስና ምላጩን ያሞቀዋል። ጥርሶቹ ደግሞ ተራ በተራ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጋድላሉ፤ ይህም የብረቱ ጀርባ ሳይታሽ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍታል። ማጋደሉ ከበዛ እንጨት ይባክናል፣ ካነሰ ምላጩ ይግላል።

የቶማስ ሐሳብ ይበልጥ የሚጎላው ውፍረት ላይ ነው። ለትንንሽና ለመካከለኛ ማሽን 32 ሚሊ ሜትር ስፋትና 1.07 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምላጭ የተለመደ ነው። ምላጩ ጉጥ ላይ እየዋዠቀ ያስቸገረው ሰው 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ቢገዛ ነገሩ የተፈታ ይመስለዋል። ወፍራሙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ብረት በፑሌጅያ ላይ ሲጎብጥ የሚደርስበት ጫና በውፍረቱ ልክ ይጨምራል፤ ከ1.07 ወደ 1.4 መሄድ ጫናውን በ30 በመቶ ያህል ያሳድገዋል። አራት ሜትር ርዝመት ያለው ምላጭ በሰከንድ 25 ሜትር ሲሮጥ ማሽኑን በሰከንድ ከስድስት ጊዜ በላይ ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ዙር በሁለት ፑሌጅያ ላይ ይጎብጣል። በአንድ ሰዓት ይህ 45 ሺህ ጊዜ ይደርሳል። በትንሽ ፑሌጅያ ላይ የተወጠረ ወፍራም ምላጭ ስለዚህ ጥርሱ ሳይደነዝዝ ጎድጓዳው ሥር ተሰንጥቆ ሊበጠስ ይችላል። ጽናት የሰጠው ውፍረት ድካሙንም ይዞ መጣ። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች ማሽኑን ሲያቆሙ ውጥረቱን የሚያላሉትና ምላጩን በየጊዜው አውልቀው የሚያሳርፉት።

በብረቱ ዓይነትም ከዚህ ማምለጥ አይቻልም። ተራው ምላጭ ጥርሱ ብቻ በሙቀት የጠነከረ የካርቦን ብረት ነው፤ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይሳላል፣ ቶሎም ይዶለዱማል። ባይሜታል የሚባለው ለስላሳና ተጣጣፊ ጀርባ ላይ ጠንካራ የጥርስ ብረት የተበየደበት ነው፤ ስለቱ ይቆያል፣ ዋጋውም እንደዚያው ይወጣል። ካርባይድ ጫፍ ያለው ከሁሉም ይቆያል፣ ግን ግንድ ውስጥ የተቀበረ ሚስማር ወይም ጥይት ሲያገኝ ጥርሱ ይረግፋል። በጦርነት ውስጥ ያለፈ አገር ዛፍ ውስጥ ጥይት መገኘቱ ሩቅ ግምት አይደለም። ጥንካሬ ሲጨምር መሰባበር ይጨምራል፣ መለመጥ ሲጨምር መዶልዶም ይፈጥናል። ገዢው የሚገዛው እንከን የሌለውን ምላጭ ሳይሆን የሚችለውን እንከን ነው።

ስለ ብክነት ያለው ጥያቄ ከፍልስፍና ወደ ሃይማኖት ያሻግራል። ባንድ ሶው በየቁርጡ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ሰጋቱራ ያደርጋል፤ ክብ መጋዝ ግን ሰባት ሚሊ ሜትር ሊበላ ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካለው የተጠረበ ግንድ 25 ሚሊ ሜትር ጣውላ ሲወጣ በመጀመሪያው 11፣ በሁለተኛው 9 ይገኛል። በእስልምና ትውፊት፣ ዉዱእ የሚያደርግ፣ ማለትም ለሶላት የሚታጠብ፣ ሰው በሚፈስ ወንዝ ዳር ቢሆን እንኳ ውሃ እንዳያባክን ተመክሯል። በወንጌልም አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ ታዟል። ሁለቱም ስለ እጥረት አያወሩም፤ የተትረፈረፈ ነገር መኖሩ ለማባከን ፈቃድ አይሆንም ነው የሚሉት። ከዚህ አንጻር ቀጭን ምላጭ መግዛት የሥነ ምግባር ነገር ይሆናል።

መልሱ ግን እዚህ ላይ አይዘጋም። እንግሊዛዊው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1865 ስለ ድንጋይ ከሰል ሲጽፍ፣ ቆጣቢ ሞተር በከሰል መሥራትን አርክሶ ፍጆታውን ሊያበዛ እንደሚችል አሳይቷል። ከዛፉ ሁለት ጣውላ ያተረፈው ምላጭ ዛፍ መቁረጥን የሚያዋጣ ሥራ ካደረገው፣ ደኑ አተረፈ ማለት ያስቸግራል። ከሁለቱ አባዮች መገናኛ አጠገብ በካርቱም ያለው የሱንት ደን ከ2023 በኋላ ክፉኛ ተጨፍጭፏል፤ ያም የሆነው በጦርነቱ ጊዜ ነዳጅ ሲጠፋና ጠባቂ ሲታጣ እንጂ በምላጭ ውፍረት ምክንያት አይደለም። ቁጠባው ከግንዱ መሬት መድረስ በኋላ ያለውን ብቻ ያስተካክላል፤ ዛፉ ይውደቅ ወይ የሚለውን አይመልስም።

ታዲያ የሚጠየቀው ማነው? ነቢዩ ኢሳይያስ በ10ኛው ምዕራፍ የአሦርን ንጉሥ ትዕቢት ሲገሥጽ፣ በሚጎትተው ሰው ላይ ከሚኩራራ መጋዝ ጋር ያስተያየዋል። በትውፊት ግን ራሱ ነቢዩ በንጉሥ ምናሴ ዘመን በመጋዝ ተሰንጥቆ ሞተ፤ ይህን የሚተርከው «ዕርገተ ኢሳይያስ» ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ነው፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም መስከረም 6 ቀን ነቢዩን ታስባለች። በሙስሊሞችም ዘንድ ነቢይ በዛፍ ውስጥ ተሸሽጎ ከነዛፉ መሰንጠቁ ይተረካል። በሁሉም ትረካ መጋዙ ተከሶ አያውቅም። ቶማስ ግን ለመሣሪያ ሁለት ሥራ ይለይለታል፦ በስለቱ መቁረጥ የራሱ ነው፣ አልጋ መሥራት ግን ከያዘው ሰው ሙያ የሚያገኘው ነው። ልዩነቱ መሰንጠቂያው ላይ በግልጽ ይታያል። ጣውላው ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ከወጣ የጥርሶቹ ማጋደል እኩል አይደለም፤ ያ የምላጩ ወይም የሳለው ሰው ጥፋት ነው። ማዕበል እየሠራ ከወጣ ግን ብዙ ጊዜ ውጥረቱ ላልቷል ወይም ማሽኑ ከአቅሙ በላይ ተገፍቷል፤ ያ የባለማሽኑ ጥፋት ነው። ሰጋቱራው ፍርፋሪ መሆኑ ቀርቶ ዱቄት ከሆነ፣ ጠቆር ካለና ከሸተተ፣ ምላጩ ደንዝዟል፤ ያ ከብረቱ ጠባይ ነው፣ ሳያወልቁ መቀጠሉ ግን የሰው ነው።

ግዢው ራሱ አጭር ነገር ነው። ርዝመቱ በማሽኑ መመሪያ ከተጻፈው ጋር ይመሳከራል፤ ብየዳው በጣት ሲዳሰስ እብጠት የሌለው፣ ጀርባውም ቀጥ ያለ መሆን አለበት። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ በጣለችው የንግድ ማዕቀብ ዘመን የአሜሪካ ሥሪት ምላጭ በቀጥታ ማስገባት ከባድ ነበር፤ በ1982 ኢንዲያና ውስጥ የተመሠረተውና በተንቀሳቃሽ መሰንጠቂያ የታወቀው ውድ-ማይዘር ፖላንድ ውስጥም ፋብሪካ አለው፣ የቻይናና የአውሮፓ ሌሎች ሥሪቶችም አሉ። የትኛውም ይሁን፣ ከሁለት ዓይነት ጥቂት ጥቂት ገዝቶ በአንድ ዓይነት ግንድ ላይ ማነጻጸር በካታሎግ ከመመራት ይሻላል። ምላጭ የሚስል ሰው በቅርብ ካለ፣ ደለል ለለበሰው ሱንት አሥር ተራ የካርቦን ምላጮች በደነዘዙ ቁጥር እያፈራረቁ መሥራት ያዋጣል። ማሽኑ ወደ ሮሴሪስ ደኖች ወርዶ የሚስል ሰው ከታጣ ግን ስሌቱ ይገለበጣል፤ እዚያ ባይሜታሉ ይሻላል፣ ከእርሱም ጋር የቅርፊት መላጫና አንድ በርሜል ውሃ።