ርኅራኄና ድርሻ

ለአካል ጉዳተኛ ልጅ ማዘን መልካም ነው። ነገር ግን ኀዘኔታ ብቻውን ፍቅር ሊባል ይችላልን? ይህን ጥያቄ የሚያስነሣው በጎንደር ከተማ፣ እንዲሁም በዳባትና በደባርቅ ደጋዎች፣ በብዙ ደግ ቤተ ሰቦች ዘንድ ክፋት ሳይኖር የሚደረግ ነገር ነው። መራመድ የተሳነውን ልጅ እናቱ ታጎርሰዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ከሥራም ሁሉ ትከልለዋለች። እኅቱ ውኃ ስትቀዳ፣ ወንድሙ በግ ሲጠብቅ፣ እርሱ መደብ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሕዝቡ ለጥምቀት ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርድ እርሱ ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። ማንም አልጠላውም፤ ከእርሱ አንዳች ነገር የሚጠብቅ ግን የለም።

ሰው የቤተ ሰቡ አባል መሆኑን የሚያውቀው በሚቀበለው ብቻ ሳይሆን በሚሰጠውም ጭምር ነው። በአገራችን ሕፃን ማደጉ ከሚነገርባቸው ቃላት አንዱ «ለመላላክ ደረሰ» የሚለው ነው። እንግዲህ ከቶ የማይላክ ልጅ፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሞላውም፣ በቤተ ሰቡ ዐይን ሕፃን እንደ ሆነ ይኖራል፤ ውሎ አድሮም ራሱን በዚያው ዐይን ማየት ይለምዳል።

ይህ የግድ እንዳልሆነ የአገራችን ልማድ ራሱ ይመሰክራል። በአብነት ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በቃልና በጆሮ ስለሚሰጥ፣ ዐይነ ስውራን ቅኔና ዜማ ተምረው የኔታ ለመባል በቅተዋል። ለዚህ ያበቃቸው የሰዎች ኀዘኔታ ብቻ አልነበረም፤ የማስተማሪያው መንገድ ለእነርሱም የተከፈተ መሆኑ ነው። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን ያው መንገድ አልተከፈተም። ከዚህ የምንረዳው፣ እንቅፋቱ ብዙውን ጊዜ ከጉዳቱ ይልቅ ሥራውንና ትምህርቱን ባዘጋጀንበት መንገድ ላይ መሆኑን ነው።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፣ አካል ጉዳተኞች እንደ ዐቅማቸው በማኅበራዊ ኑሮ ሁሉ ተካፋይ እንዲሆኑ መርዳት እንደሚገባ አስተምረዋል። ኢትዮጵያ በ2010 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 30 ልጆቹ ከሌሎች ልጆች ጋር እኩል በጨዋታ የመሳተፍ ዕድል እንዲያገኙ ይደነግጋል።

«እናቲቱ ከውኃውና ከእንጨቱ ሌላ ይህን የምታስተምርበት ጊዜ ከየት ታገኛለች? እሳቱስ፣ ገደሉስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሸክሙም ለእርስዋ ብቻ የሚተው አይደለም። መልሱ ሥራውን ከፋፍሎ ለልጁ የሚስማማውን ክፍል መስጠት ነው። መቆም የማይችል ልጅ ተቀምጦ ምስር ይለቅማል፣ ቡና ይወቅጣል። ማየት የተሳናት ልጅ ባቄላ ትፈለፍላለች፣ ቄጤማ ትጎዘጉዛለች። ነገር ቶሎ የማይገባው ልጅ አንዲቱን ሥራ ደጋግሞ በማየት ይለምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ መመሪያ ጨዋታንና የቤት ውስጥ ሥራን ከተሐድሶው ክፍሎች ይቈጥራል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዚህ ዘርፍ በከተማውና በአካባቢው ያሉ ቤተ ሰቦችን ሲረዳ ቈይቷል።

ሆኖም ድርሻ መስጠትና መጠቀሚያ ማድረግ የተለያዩ ናቸው። ልጁን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቀምጦ ምጽዋት ማስለመን ጉዳቱን መሸጥ እንጂ ድርሻ መስጠት አይደለም። መለያው አንድ ነው፤ ሥራው ልጁን ከሌሎች ጋር ያቀራርበዋል ወይስ ለብቻው ያስቀምጠዋል?

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በክፍላችሁ የሌለውን ልጅ በየቤቱ ፈልጉት፤ ስታገኙትም አንድ ተግባር ስጡት። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ሲፈውስ፣ ዐይኑን ጭቃ ቀብቶ እዚያው አላጠበውም፤ ራሱ ሄዶ እንዲታጠብ ወደ ሰሊሆም ላከው እንጂ። ያ ሰው ገና ሳያይ ሊላክ የሚገባው ሆኖ ተገኝቷል።