ላብሽን ማን ይጥረግልሽ?

እህቶቼ፣ ሳምንቱን ሙሉ ደስማ ውስጥ የሰው ቤት ስንወለውል ከርመን በእረፍት ቀን ተሰብስበን ስፖርት ስንሠራ፣ ምንጣፉንና ዳምቤሉን ማን ይጥረግ? “ዛሬም ጽዳት?” የምትል አትጠፋም። እውነቷን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኩዌት የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የእረፍት ቀን ይሰጣል፤ ያቺን ቀን ያገኘች ሴት መወልወያ ማየት ቢያስጠላት አይፈረድባትም።

ሌላም ቁስል አለ። ማዳሟ ብርጭቆዋን ለይታ ያስቀመጠችባት እህት “የነካሽውን ጥረጊ” ስትባል “እኔ ቆሻሻ ነኝ እንዴ?” ብትል አይገርምም።

ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አገራችን አንድ ትሪ ላይ የሚቀርብ ሁሉ እጁን ይታጠባል፤ አባወራውም፣ እንግዳውም። ተሰደብኩ የሚል የለም፤ አብሮ የሚበላውን ማክበር ነዋ። የተለየው ብርጭቆ አንዷን ብቻ ያርቃል፤ የሁሉም መታጠብ ግን ያቀራርባል።

ጭርት ማዳምና ሠራተኛ አይለይም። በፎጣና በምንጣፍ ከአንዷ ገላ ወደ ሌላዋ ይሻገራል። ቆዳዋ ላይ ይዛው የተመለሰች እህት ደግሞ ከማሳከኩ በላይ የእንጀራዋ ነገር ያሰጋታል።

ስለዚህ ፎጣሽን ለብቻሽ ያዢ። ስትጨርሺ የተጠቀምሽበትን በሳሙና ውሃ ጠርገሽ አድርቂው። በረኪና ካስፈለገ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅዪው፤ ጭሱ ይመርዛል።

ሁሉም የየራሷን ትጥረግ። አዲስ የመጣችውን ልጅ ጠራጊ ካደረግናት፣ እኛ ከማን ተሻልን?